የሰው ክብር በቀለምና በትውልድ አይለካም

የኢሉባቦር አገር በምዕራብ ኢትዮጵያ ይገኛል። ዝናሙ የበዛ፥ ደኑ ጥቅጥቅ ያለ፥ ቡናውም በጫካ ውስጥ የሚበቅል ለምለም አገር ነው። ከመቱና ከጎሬ ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ የጋምቤላን ቈላ ያገኛል። በደጋው ኦሮሞ፥ በጫካው መዠንገር፥ በቈላው አኙዋክ ይኖራል፤ ከሰሜንም የመጡ ሰዎች በከተሞቹ ሰፍረዋል። የቈዳቸው ቀለም ልዩ ልዩ ነው፤ አንዱ ቀይ፥ አንዱ ጠይም፥ አንዱም ጥቁር ነው። ሲታመሙ የሚያቃስቱት፥ ሲደሰቱም የሚስቁት ግን አንድ ዓይነት ነው። በቀድሞ ዘመን ይህ ተዘንግቶ አንዱ ጌታ፥ ሌላው ባሪያ ተባለ። ሰውም እንደ ከብት ወደ ገበያ ተነዳ።

ባርነት በዓዋጅ ከተሻረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ በመቱ አጠገብ ባለ በአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ልጆች በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው ይማሩ ነበር። የሁለቱም ዕድሜ 15 ዓመት ነበረ። የአንደኛው አያት ብዙ ባሮች የነበሩአቸው ባለጠጋ ነበሩ። የሁለተኛው እናት ግን በሕፃንነቷ ከቈላ ተይዛ የተሸጠች ነበረች።

አንድ ቀን በንባብ ፈተና የድኻዋ ልጅ ቀደመ። የባለጠጋው ልጅ ልጅም ተቈጥቶ፥ «አንተ ባሪያ! ከእኔ ልትበልጥ ነውን?» አለው። ልጁ ምንም አልመለሰም፤ መጽሐፉን አጥፎ ወጣ።

መምህሩ ይህን ሰምተው ዝም አሉ። ተማሪዎቹ ሁሉ ከሄዱ በኋላ ተሳዳቢውን ጠርተው፥ «ከዚህ ብዙ በማይርቀው በሁሩሙ ስለ ተወለደ ስለ አንድ ልጅ ልንገርህ» አሉት። ታሪኩም እንዲህ ነው፤ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1856 ገደማ በሁሩሙ አንድ ልጅ ተወለደ፤ ስሙም ሒካ ተባለ። ሒካ ማለት በኦሮሞ ቋንቋ ተርጓሚ ማለት ነው። አባቱ ሞተበት። ገና ልጅ ሳለም ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ሸጡት። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ እስከ ቀይ ባሕር ዳር እስከ ምጽዋ ደረሰ። በዚያም በ1870 ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ ሰው ነጻ አወጣው። ያን ጊዜ ዕድሜው 14 ዓመት ያህል ነበረ። በምጽዋ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ገባ። በ1872 ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ፤ ይኸውም ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ፊልሞና በጻፈው መልእክት የሚገኘው የባሪያው ስም ነው። በኋላም ወደ ስዊድን አገር ሄዶ 5 ዓመት ተማረ።

በእምኩሉ እንደ እርሱ ከባርነት የወጣች አስቴር ጋኖ የምትባል ብላቴና ነበረች። እርሷም በ1886 ነጻ የወጣች ናት። ከሕዝቡ አፍ የሚነገሩትን ዘፈኖች፥ ምሳሌዎችና ተረቶች 500 ያህል ሰብስባ ጻፈች። በ1894 ኦነሲሞስና አስቴር በኦሮሞ ቋንቋ የንባብ መጽሐፍ አሳተሙ። ኦነሲሞስ በአስቴር ረዳትነት የተረጐመው መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በስዊስ አገር ታተመ። በ1904 ኦነሲሞስ ወደ ነቀምት መጥቶ ልጆችን አስተማረ፤ በዚያም በ1931 ዐረፈ።

መምህሩ ይህን ከተናገሩ በኋላ፥ «የገዙት ሰዎች ይህን ልጅ ምን ብለው የጠሩት ይመስልሃል?» ብለው ጠየቁት።

ልጁም አንገቱን ደፍቶ፥ «ባሪያ» አለ።

ጥቂት ቈይቶ ግን፥ «የኔታ፥ እኔ ማንንም አልሸጥሁም። አያቴ ያደረጉት ነገር እኔን እንዴት ይነካኛል?» ሲል ጠየቀ።

መምህሩም፥ «ጥያቄህ መልካም ነው። ዛሬ ጧት በምን መጣህ?» አሉት።

«በበቅሎ።»

«ጓደኛህስ?»

«ውኃ ቀድቶ፥ እንጨት ለቅሞ፥ በእግሩ መጣ።»

«የእናንተን የቡና መሬት የመነጠሩት እነማን ናቸው?»

ልጁ ዝም አለ። ያን መሬት የአያቱ ባሮች እንደ መነጠሩት ከልጅነቱ ጀምሮ ሲነገር ሰምቶ ነበር።

መምህሩም፥ «ልጄ፥ የሸጥህ አንተ አይደለህም። የተሸጡት ያቀኑትን የምትበላ ግን አንተ ነህ። እነርሱ ነጻ ሲወጡ መሬት አልተካፈሉም፤ ባዶ እጃቸውን ወጡ። ስለዚህ ጓደኛህ ከአንተ ኋላ ተነሥቶ ከአንተ ቀድሞ ደረሰ። አንተ ያለ ድካም ያገኘኸውን እንደ ራስህ ብልጫ ብትቈጥረው ግን በዚያን ጊዜ በደሉ የአንተ ይሆናል» አሉት።

ቀጥለውም፥ «ነግ በኔ የሚለውን ቃል አታውቅምን?» ብለው የጠላትን ዘመን አስታወሱት። በ1936 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር ከሄዱ በኋላ ጎሬ ለጥቂት ወራት የመንግሥት መቀመጫ ሆና ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን የኢጣልያ ጦር ያዛት። በ1937 ኢጣልያኖች ነጭና ጥቁር እንደ ባልና ሚስት ሆነው እንዳይኖሩ የሚከለክል ሕግ አወጡ። በአዲስ አበባም የነጩን ሰፈር ከአገሬው ሰፈር፥ የነጩንም ገበያ ከአገሬው ገበያ ለዩ። በዚያን ጊዜ ጌታና ባሪያ፥ ቀይና ጥቁር የተባለው ሁሉ በአንድነት ተናቀ። ትናንት ጥቁሩን የናቀው ሰው፥ እርሱ ራሱ ጥቁር ተብሎ ከመንገድ ተገፋ። በ1941 ደግሞ በጋምቤላ በኩል ወጥተው በደምቢ ዶሎ ጠላትን እጅ ካሰጡት መካከል ከቤልጅግ ኮንጎ የመጡ ጥቁር ወታደሮች ነበሩ። እነርሱም በአገራቸው በባዕድ ይገዙ ነበር። በጎሬና በመቱ ገበያ ሰዎች በንቀት ስም ይጠሩት የነበረው ያ ቀለም፥ አገሩን ነጻ ለማውጣት የደከሙት የእነዚህ ሰዎች ቀለም ነበረ።

ልጁ ወደ ቤቱ ሲመለስ በበቅሎው ላይ አልተቀመጠም፤ እየሳበ ሄደ። በማግስቱም ማልዶ ወደ ጓደኛው መጥቶ፥ «በድዬሃለሁና ይቅር በለኝ» አለው።

ጓደኛው ፈጥኖ አልመለሰለትም። ቈይቶ ግን፥ «እኔ ይቅር ብዬሃለሁ። ነገር ግን ያ ቃል ከእኔ ይልቅ እናቴን ይነካል። የተሸጠችው እርሷ ናትና ወደ እርሷ እንሂድ» አለ።

ሁለቱም ሄዱ። ሴትዮዋ ከምንጭ ውኃ ቀድታ እንስራዋን ተሸክማ ስትመጣ አገኙአት። የባለጠጋው ልጅ ልጅ በፊቷ ቆመ፤ አሰናድቶት የነበረው ቃል ግን ከአፉ ጠፋበት። ከዚያም እንስራውን ከጀርባዋ ተቀብሎ እስከ ደጃፏ ተሸከመላት። እርሷም የሆነውን ከልጇ ሰምታ ኖሮ፥ «እናቴ የሰጠችኝ ስም አለኝ፤ እርሱን ተማር» አለችው። እርሱም ስሟን ጠይቆ ተማረ።

ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በ1924 ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ እንዲወጡ ዓዋጅ ታወጀ፤ በ1942ም ባርነት በሕግ ፈጽሞ ተከለከለ። ዓዋጁ ገበያውን ዘጋ። የስድቡ ቃል ግን ከገበያው በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ፤ ዛሬም በአንዳንድ አፍ ይሰማል። ያን የሚሽረው ንጉሥ ወይም ዳኛ አይደለም፤ ባልንጀራውን በስሙ የሚጠራ ሰው ነው። ያለ ድካሙ ብዙ የተሰጠው ልጅም፥ የእርሱ ድርሻ ከማን እጅ እንደ መጣ መጠየቅን ከመጀመሪያ ትምህርቱ ጋር ሊማር ይገባዋል።