ተማሪ ስለሚያድርበት ቤት

ከወላጆቹ ርቆ ክፍል ተከራይቶ የሚማር ተማሪ፥ ከሃያ አራቱ ሰዓት አብዛኛውን የሚያሳልፈው በዚያችው ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ንጽሕና ጠብቆ ማደሪያውን መዘንጋት፥ ሥራውን ከእኩሌታው ላይ መተው ነው።

ለትምህርት በእንግሊዝ አገር ሳለን የዚህን ነገር አያያዝ ተመልክተናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. በወጣው የቤቶች ሕግ መሠረት፥ ከአንድ ቤተ ሰብ ያልሆኑ አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች ወጥ ቤትና መጸዳጃ እየተጋሩ የሚኖሩበትን ቤት የሚያከራይ ሁሉ ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ማውጣት አለበት። ሕጉ በመጀመሪያ ሦስት ደርብና ከዚያ በላይ ያላቸውን ቤቶች ብቻ ያስገድድ ነበር፤ በ2018 ዓ.ም. ግን ይህ ልዩነት ቀርቷል። በዚያው ዓመት ደግሞ ለአንድ አዋቂ የመኝታ ክፍል ከ6.51 ካሬ ሜትር፥ ለሁለት ከ10.22 ካሬ ሜትር እንዳያንስ ተወሰነ።

ሕግ ግን ዝቅተኛውን ወሰን ያበጃል እንጂ መልካም አያያዝን ሁሉ አያዝዝም። ስለሆነም ለተማሪዎች የተሠሩ ትልልቅ ማደሪያዎች ባለቤቶች በፈቃዳቸው የሚገቡበት የደንብ ስምምነት አለ። የገባው ባለቤት ብልሽት በስንት ጊዜ እንደሚጠገን አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ቤቱም ይመረመራል፤ የተማሪው አቤቱታ በገለልተኛ ዳኞች ይታያል። የስምምነቱም ኃይል ከዚሁ ምርመራ የመጣ ነው።

በአገራችን ከተሞች ተማሪዎች ሦስትም አራትም ሆነው በጠባብ ክፍል ሲያድሩ፥ ብርድ ሲበረታ ከሰል አቀጣጥለው በርና መስኮት ዘግተው የሚተኙ አሉ። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ሽታም መልክም የለውም፤ የተኛውን ሳያነቃ ይገድላል። በእንግሊዝ አገር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አከራዮች ከሰል ወይም እንጨት በሚነድበት ክፍል ይህን መርዝ በድምፅ የሚያስታውቅ መሣሪያ እንዲያኖሩ ታዟል። መሣሪያው በሌለበትም ማንደጃውን ከመኝታ በፊት ወደ ደጅ ማውጣት ገንዘብ አይጠይቅም።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ አከራዩንና ወላጁን አስማምታችሁ አራት ነገር በአንድ ገጽ ላይ አስፈርሙ፤ ይኸውም የሚከፈት መስኮት እንዲኖር፥ በክፍሉ የሚያድሩት ቁጥር እንዲወሰን፥ በመጸዳጃው አጠገብ የእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና እንዲገኝ፥ ማንደጃም በመኝታ ክፍል እንዳያድር ነው። የተፈረመ ወረቀት ብቻውን መስኮት አይከፍትም፤ በወር አንድ ጊዜ ቤቱን የሚጎበኝ መምህር ግን ያስከፍታል።