የጨቅላ ሕፃናት ትኩሳትና የከባድ ሕመም ምልክቶች

ዕድሜው ከሁለት ወር በታች የሆነ ሕፃን ሲያተኩሰው ትኩሳቱ እንደ ትልቅ ልጅ ትኩሳት በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። የሰውነቱ የመከላከል ኃይል ገና ስላልዳበረ በእትብቱ፣ በሳንባው ወይም በሽንት መተላለፊያው የገባ ባክቴሪያ ፈጥኖ ወደ ደሙና ወደ አንጎሉ ሽፋን ሊዛመት ይችላል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱት 1,000 ሕፃናት ውስጥ 29ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ከዋና ዋና ምክንያቶቹም አንዱ ይኸው ሕመም ነው።

በሆስፒታል ጥርጣሬውን የሚያጣራው የደም፣ የሽንትና የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ምርመራ ነው። ይህ በማይገኝበት ጤና ኬላ ወይም የተፈናቃዮች መጠለያ ግን ፍርዱ የሚሰጠው በሚታዩ ምልክቶች ነው። በ6 አገሮች ተካሂዶ በ2008 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት የወጣው ጥናት የሚከተሉትን 7 ምልክቶች ለይቷል፦

1. ጡት ለመጥባት መቸገር፤
2. መንዘፍዘፍ፤
3. ካልነኩት በቀር አለመንቀሳቀስ፤
4. በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ መተንፈስ፤
5. ሲተነፍስ ደረቱ በኃይል ወደ ውስጥ መሰርጎድ፤
6. በብብት ሲለካ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት፤
7. ከ35.5 ዲግሪ በታች ቅዝቃዜ።

ከእነዚህ አንዱ ብቻ መታየቱ በቂ ነው። በዚህ አሠራር የባክቴሪያ ሕመም የሌለበት ሕፃን ጭምር ሊታከም ይችላል፤ ሆኖም የታመመውን ሳያክሙ መቅረት የሚያስከትለው ጉዳት እጅግ ይበልጣል።

በተለይ እንደ ለገዳዲና ሱሉልታ ባሉ ብርዳማ የደጋ ሥፍራዎች የመጨረሻው ምልክት ሊዘነጋ አይገባም። የሕፃኑ መቀዝቀዝ በአየሩ ብቻ ተሳብቦ ሊታለፍ፣ ዝምታውም እንደ ጨዋነት ሊቆጠር ይችላልና። የአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ቅርበትም ሊያዘናጋ አይገባም፤ ሌሊቱ እስኪነጋ መጠበቅ ብቻውን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

በኢትዮጵያ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተዘረጋው የማኅበረሰብ አቀፍ የጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤ መሠረት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የመጀመሪያውን የጄንታሚሲን መርፌና አሞክሲሲሊን ሰጥታ ሕፃኑን ወደ ከፍተኛ ሕክምና ትልካለች። መላክ ካልተቻለ ሕክምናው በዚያው በጤና ኬላው ለ7 ቀናት ይቀጥላል። በጉዞ ላይም ሕፃኑ በእናቱ ገላ ላይ ታቅፎ እንዲሞቅና ጡት እንዲጠባ ይደረጋል።

ስለዚህ ቴርሞሜትር፣ ትንፋሽ መቁጠሪያ ሰዓት፣ መድኃኒቶቹና ሌሊትም የሚገኝ መጓጓዣ ከእህል እርዳታው ጎን ለጎን ሊታቀዱ ይገባል።