ያውቁ ኖሯል? የአየርላንድ ሰላምታ ሲመለስ ይጨምራል

በአይሪሽ ቋንቋ ሰላምታ ራሱ ምርቃት ነው። አንዱ «እግዜር ካንተ ጋር ይሁን» ሲል፣ ሌላው ያንኑ ደግሞ ዝም አይልም፤ «እግዜርና ማርያም ካንተ ጋር ይሁኑ» ብሎ ይመልሳል። አንዳንዴ ቅዱስ ፓትሪክም ይታከላል! በገጠር ደግሞ ሥራ ላይ ያለን ሰው «እግዜር ሥራህን ይባርክ» ሳይሉ ማለፍ ነውር ነበር።

የአየርላንድ ሰዎችን እንዲህ ያለ ወግና ምሳሌያዊ አነጋገር መዝግበው ካቆዩት መካከል ሕፃናት ይገኙበታል። ከ1937 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. ወደ 5,000 ከሚጠጉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተውጣጡ ተማሪዎች አያቶቻቸውንና ጎረቤቶቻቸውን እየጠየቁ ተረቱን፣ ወጉን፣ የባህል መድኃኒቱን ሁሉ በደብተር ጻፉ። «ወጣቱን አመስግነው፣ ይለመልማል» ለሚል ሕዝብ የሚገባ ሥራ ነው። ክምችቱ 740,000 ገጽ ገደማ ሲሆን፣ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደብሊን ይገኛል።