ማን ይታጠቅ፣ ማን ይፍታ? ዘርና የመሣሪያ ሕግ ከብራስልስ እስከ አቃቂ

የጦር መሣሪያ ሕግ መግቢያው ብዙውን ጊዜ ስለ ሰላም ያወራል። አንቀጾቹ ጋ ሲደረስ ግን ጥያቄው ይለወጣል፤ ማን ይታጠቅ፣ ማን ይፍታ? ባለፉት ሦስት መቶ ሃምሳ ያህል ዓመታት ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች ብዙዎቹ የሰውየውን ዘር ያዩ ነበሩ። የአገራችንም ታሪክ ከዚህ አልራቀም። አንድ ጊዜ አውሮፓውያን በጥቁርነታችን ከልክለውናል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ እርስ በርሳችን ተከለካክለናል።

የቆዳ ቀለም ያስፈታው ትጥቅ

በአሜሪካ የቨርጂኒያ ቅኝ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1680 ባወጣው ሕግ ጥቁሮች ጠብመንጃና ሰይፍ ቀርቶ ዱላ እንኳ እንዳይዙ ከልክሏል። ባርነት በቀረበት በ1865 ሚሲሲፒ ነጻ የወጡት ጥቁሮች ያለ ፈቃድ መሣሪያ እንዳይኖራቸው ደነገገች። በ1967 ደግሞ «ብላክ ፓንተርስ» የተባሉት ወጣቶች በኦክላንድ መሣሪያ ይዘው ፖሊስን መከታተል ሲጀምሩ፣ ካሊፎርኒያ የጎረሰ ጠብመንጃ በአደባባይ መያዝን ከለከለች። ሕጉን የፈረሙት አገረ ገዥው ሮናልድ ሬገን ነበሩ። ይህ ማለት ግን የቁጥጥር ሕግ ሁሉ ከዘረኝነት ተወልዷል ማለት አይደለም። ዛሬ በአሜሪካ ጠበቅ ያለ ሕግ ይውጣ ከሚሉት መካከል ልጆቻቸውን በጥይት ያጡ ጥቁር ወላጆች አሉ።

በደቡባዊ አፍሪካም ባሱቶ የሚባሉት ሕዝቦች በኪምበርሊ የአልማዝ ማዕድን ሠርተው ባገኙት ደመወዝ ጠብመንጃ ገዙ። የኬፕ ቅኝ ግዛት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1878 ባወጣው ሕግ ተመርኩዞ አስረክቡ ሲላቸው እምቢ አሉ። ከ1880 እስከ 1881 የተካሄደው ጦርነት ሲያበቃም መሣሪያቸው በእጃቸው ቀረ።

የብራስልስ ውልና የአድዋ ነፍጥ

የአውሮፓና ሌሎች መንግሥታት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 1890 በብራስልስ የፈረሙት ውል በባሪያ ንግድ ላይ የተነሣ ነበር። በዚያው ውል ከሰሜን 20ኛ እስከ ደቡብ 22ኛ ዲግሪ ኬክሮስ ባለው የአፍሪካ ምድር ዘመናዊ ጠብመንጃ እንዳይገባ ተከለከለ። የባሪያ ነጋዴ መሣሪያ ማጣቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አገሩን የሚከላከለውም አብሮ ተከለከለ።

ኢትዮጵያን ወደዚህ ውል ያስገባቻት ጣሊያን ናት፤ በውጫሌ ውል ጥገኛዬ ሆናለች ብላ። ይሁንና ዳግማዊ ምኒልክ መሣሪያ መግዛታቸውን አላቋረጡም። ቀድሞም እ.ኤ.አ. በ1887 ራሷ ጣሊያን ከአፄ ዮሐንስ ጋር በነበራት ጠብ ገለልተኛ እንዲሆኑላት 5,000 ረሚንግተን ጠብመንጃ ልትሰጣቸው ተዋውላ ነበር። ውጅግራ፣ ምንሽርና አልቤን የተባለው ጠብመንጃ ሁሉ ተጠራቅሞ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ዋለ።

ከድሉ በኋላ በሩን የመዝጋቱ ሙከራ ቀጠለ። ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1906 ስለ ኢትዮጵያ ለብቻቸው ሲዋዋሉ፣ በዚያው ቀን የመሣሪያ ንግዱን የሚገታ ሌላ ስምምነት ፈረሙ። የ1919ኙ የሳን ዠርማን ውል ከአልጄሪያ፣ ከሊቢያና ከደቡብ አፍሪካ ኅብረት በቀር መላውን አፍሪካ የተከለከለ ቀጠና አደረገው። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ይህን እንድትቀበል ተጠየቀች። በ1925 በጄኔቫ ተከራክራ ከቀጠናው ወጣች፤ በነሐሴ 1930ም መንግሥቷ መሣሪያ የሚያስገባበት ውል ፓሪስ ላይ ተፈረመ።

በአቃቂ በኩል የሚያልፈው ሀዲድ

እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ ዋናው የመሣሪያ መግቢያ ከጅቡቲ ተነሥቶ በአቃቂ በኩል አዲስ አበባ የሚደርሰው ባቡር ነበር። በ1935 ጣሊያን ለወረራ ስትዘጋጅ ብሪታንያ ለሁለቱም ወገን የመሣሪያ ፈቃድ ከለከለች፤ ፈረንሳይም የጅቡቲውን ጭነት ታጓትት ነበር። ክልከላው በወረቀት ላይ እኩል ነበር። ጣሊያን ግን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ ኢትዮጵያ በዋናነት የምትተማመነው በዚያ ሀዲድ ነበር። የመንግሥታት ማኅበር በኢትዮጵያ ላይ ያለው ክልከላ እንዲነሣ የወሰነው ወረራው ከተጀመረ በኋላ፣ በጥቅምት 1935 ነው።

የጣሊያኑ መሪ ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1936 ለጦር አዛዡ ለባዶሊዮ በላከው ቴሌግራም በአዲስ አበባና በአካባቢዋ መሣሪያ ይዞ የተገኘ ሁሉ ያለ ፍርድ እንዲረሸን አዘዘ። በተከታዩ ዓመት ፋሺስቱ መንግሥት ጣሊያናዊ ወንድ ከአገሬው ሴት ጋር እንዳይኖር በሕግ ከለከለ። ትጥቅ ማስፈታቱም ዘር መለየቱም የአንድ አገዛዝ ሥራዎች ነበሩ።

እኛው በእኛው

ወደ ራሳችን ስንመለስም ታሪኩ ንጹሕ አይደለም። ከምኒልክ ዘመቻዎች በኋላ በደቡብ በተተከለው የነፍጠኛና የገባር ሥርዓት ጠብመንጃ የያዘው ግብር ይበላ ነበር፤ ያልያዘው ይገብር ነበር። ሁለቱን የሚለየው መስመር በብዙ ቦታ የብሔርና የቋንቋ መስመርም ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የሥርዓቱን መሠረት ቢያፈርስም ቂሙና ነፍጠኛ የሚለው መጠሪያ እስከ ዛሬ የፖለቲካ መሣሪያ ሆነው ቀርተዋል።

አሁን የሚሠራው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የቆመው በፈቃድና በምዝገባ ላይ ነው። ፈተናው ያለው አፈጻጸሙ ላይ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች መሣሪያቸውን በሁለት ቀን እንዲያስመዘግቡ ታዘዙ፤ ፍተሻና እስርም ተከተለ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል በወቅቱ ገልጿል። በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች ይፍረሱ ሲባልም በአማራ ክልል ተቃውሞ የተነሣው በዋናነት ከአንድ ጥርጣሬ ነው፤ እኛ ስንፈታ ሌላው ይታጠቃል የሚል።

የአዲስ አበባው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መፈተኛ ነው። ባቡሩና ፋብሪካው ከየአቅጣጫው ያመጣቸው ሰዎች ጎረቤትና ዕድርተኛ ሆነው ይኖራሉ። እዚህ አንዱን በስሙና በቋንቋው ፈትሾ ሌላውን ማለፍ ሰፈሩን ለሁለት ይከፍላል፤ መሣሪያውንም ከሣጥን ወደ ጉድጓድ ያወርደዋል እንጂ አያስፈታም።

ቁጥጥር ያስፈልጋል። ሰው ትጥቁን ፈቅዶ የሚፈታው ግን ጎረቤቱም በዚያው ቀን፣ በዚያው ሕግ እንደሚፈታ ሲያምን ነው። ስለዚህ ሕግ አውጪውም ፈታሹም ሰውን በፈጸመው ተግባር እንጂ በተወለደበት ዘር አይመዝኑ።