ፀሐይን የሚጠብቅ ትጉህ

በመጽሐፍ ቤርሳቤህ በምትባለው በዛሬይቱ ቤር ሼቫ፣ በሽኩና ኣሌፍ ሰፈር፣ የኔጌቭ ፀሐይ ማልዳ በየጣራው በተተከለው፣ ዱድ ሼሜሽ በሚባለው የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ላይ ስታርፍ፣ ውሃችንን የሚያሞቀው ብርሃን ከፀሐይ ገጽ ከተነሣ ገና 8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ያህል መሆኑን ባሰብሁ ቁጥር፣ ያችኑ ፀሐይ መዓልትና ሌሊት የሚጠብቃት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በፌብሩዋሪ 11 ቀን 2010 ናሳ ወደ ሰማይ የሰደደው፣ ኤስ ዲ ኦ የተባለው ሳተላይት ትዝ ይለኛል። በግእዝ ተጠብቆ የደረሰን መጽሐፈ ሄኖክ፣ ፀሐይ በምሥራቅ ካሉት 6 ደጆች እየወጣች በምዕራብ ወዳሉት 6 ደጆች እንደምትገባ ሲተርክ፣ እንቅልፍ የሌላቸውን ሰማያውያን ትጉሃን ይላቸዋል፤ ለሳተላይቱ ሥራ ከዚህ ስም የሚቀርብ አላገኘሁም።

ትጋቱ ከአሠራሩ የመነጨ ነው። ሳተላይቱ ያየውን የሚያኖርበት ጎተራ ስለሌለው፣ የሚያየውን ሁሉ በዚያው ቅጽበት ወደ ምድር መስደድ አለበት፤ ስለዚህም 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆኖ ከምድር ጋር እኩል እንዲዞር፣ በኒው ሜክሲኮ ምድረ በዳ በኋይት ሳንድስ ለእርሱ ብቻ ከቆሙት፣ ስፋታቸው 18 ሜትር ከሆነ ሁለት አንቴናዎች ዕይታም እንዳይወጣ ተደረገ። ዝናም የራዲዮውን ሞገድ ያደክማልና፣ በአንዱ ላይ ዶፍ ቢወርድ ሁለተኛው እንዲቀበል አራርቀው ተከሏቸው፤ የምድረ በዳ ዝናም ድንገተኛ መሆኑን ለምናውቅ ለእኛ ይህ ጥንቃቄ ልብ የሚነካ ነው። በየቀኑ 1.5 ቴራባይት ያህል መረጃ ይወርዳል፤ አራት መነጽሮቹ ፀሐይን በ10 ዓይነት ብርሃን፣ አብዛኛውንም በየ12 ሴኮንዱ ያነሧታል። የሚበዛው ብርሃን ለሰው ዓይን የተሰወረ ስለሆነ፣ በሥዕሎቹ ላይ የምናየው ወርቃማና ቀይ ቀለም ሊቃውንቱ ለመለያ የሰጡት ነው።

በሜሪላንድ፣ በናሳ ጎዳርድ ማእከል ያሉት ተቆጣጣሪዎች የዘወትር ሥራቸው ዓይኑ ከፀሐይ እንዳይነቀል መጠበቅ ነው። የፀሐይ ብርሃን ራሱ ሳተላይቱን ጥቂት በጥቂት ይገፋዋል፤ ግፊቱን በሆዱ ውስጥ የሚሾሩ መዘውሮች እየተቀበሉ ፍጥነታቸው ስለሚያድግ፣ በየጥቂት ሳምንቱ በትንንሽ ሮኬቶች ሸክማቸው ይራገፍላቸዋል። በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ ፊቱን ከፀሐይ ሳያነሣ እንደ እንዝርት አንድ ሙሉ ዙር ይሾራል፤ ከእርሱ ጋር የዞረው የመነጽሩ ጉድለት፣ ሳይዞር የቀረውም የፀሐይ እውነተኛ መልክ መሆኑ በዚህ ይታወቃል። እንዲህ ያለውን ራስን የመመርመር ሥርዓት ከሥዕሎቹ ውበት አብልጬ አከብረዋለሁ።

ፀሐይን እንዲህ ተግቶ መጠበቅ ለምን እንደሚያስፈልግ በሜይ 2024 ታይቷል፤ ያን ጊዜ ከአንድ ሰፊ የፀሐይ ነቁጥ የተነሣው ማዕበል፣ ከ2003 ወዲህ ያልታየ የማግኔት ሁከት በምድር ላይ አምጥቶ፣ በሳተላይት የሚመሩ ትራክተሮች ያሏቸው የአሜሪካ ገበሬዎች ዘር መዝራት እስኪያቆሙ አድርሷቸዋል።

ይሁን እንጂ ትጉሁም የሚጨልምበት ወራት አለው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ሦስት ሳምንት ያህል፣ ምድር በየቀኑ በእርሱና በፀሐይ መካከል እየገባች እስከ 72 ደቂቃ ትጋርደዋለች፤ ይህም የሚሆነው በእኛ ሰዓት ረፋድ ላይ፣ በሽኩና ኣሌፍ ጣራዎች ላይ ፀሐይ ሞልታ በምትወርድበት ጊዜ ነው። የሚጋርደውም ይህችው እኛ ቆመን ፀሐይ የምንሞቅባት ምድር ናት፤ ጥላው ሲገፈፍም ከመሣሪያዎቹ አንዱ፣ በብርዱ የተለወጠው የፊት መስታወቱ እስኪሞቅ ድረስ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ፀሐይን የሚያያት በደብዛዛው ነው።