ሲዲው ውስጥ የሌለው ቪዲዮ

መሳለሚያ የእህል ሰፈር ነው። ጭነት የሚያራግፉ መኪኖች፣ ጆንያ የተሸከሙ ወዛደሮች፣ ጤፍና ስንዴ የሚያማርጡ ገበያተኞች መንገዱን ሞልተውት ይውላሉ። በመርካቶ ዙሪያ እንዳሉት ሰፈሮች ሁሉ በዚያ ግርግር መሀልም «ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ ጥረዛ፣ ላሚኔሽን፣ ሲዲ ራይት» የሚል መስታወታቸው ላይ የለጠፉ ጠባብ ቤቶች አሉ። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ ነጋዴው የጨረታ ሰነዱን፣ ሙሽሮች የሠርግ ፎቷቸውን በሲዲ ሲያስገለብጡ የኖሩት እንዲህ ባሉ ቤቶች ነው። ስላይድ አሠርቶ በሲዲ አስገልብጦ የሄደ ደንበኛ በማግስቱ ሲመለስ የሚያነሳው ቅሬታም የታወቀ ነው፤ «የኔ እህት፣ ትናንት እዚሁ እኮ ሠርቶ ነበር!»

ደንበኛው እውነቱን ነው። ስላይዱ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሲከፈት ዘፈኑም ይሰማል፣ ቪዲዮውም ይታያል፣ ሠንጠረዡም ቁልፉ ሲነካ ይመጣል። አዳራሽ ሲደርስ ግን ጽሑፉ ብቻ ይቀርና የቪዲዮው ቦታ እንደ ሞተ ፎቶ ደርቆ ይቀመጣል። ሲዲው አልተጫረም፣ ፋይሉም አልተበላሸም። ቪዲዮው መጀመሪያውኑ ሲዲው ላይ አልገባም።

ነገሩ ስላይድ ከሚሠራበት ፕሮግራም፣ ከፓወርፖይንት፣ አሠራር ይጀምራል። ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ1987 ፎርዞት የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር አወጣው፤ ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ኩባንያውን በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ያኔ ስላይድ ጽሑፍና ሥዕል ነበር። ድምፅና ቪዲዮ ሲጨመሩ ፋይሉ እጅግ እንዳይከብድ ሁለት መንገድ ተበጀ። አንደኛው ነገሩን ስላይዱ ውስጥ መክተት ነው። ሁለተኛው ሊንክ ነው፤ ቪዲዮው ከነበረበት አይነሳም፣ ስላይዱ የሚይዘው የተቀመጠበትን ቦታ ብቻ ነው።

የትኛው ነገር እንደሚከተትና የትኛው በሊንክ እንደሚቀር ብዙ ሰው አያውቅም፤ ፕሮግራሙም አይናገርም። በፓወርፖይንት 2003 እና 2007 ቪዲዮ ሁሉ በሊንክ ነበር የሚገባው። ኤምፒ3 ዘፈንም እንዲሁ። የሚከተተው ዌቭ የሚባለው የድምፅ ዓይነት ብቻ ነበር፤ እሱም ቅንብሩ ካልተቀየረ ከ100 ኪሎባይት ካልበለጠ ነው፤ ይህም ጥቂት ሰከንድ ጭብጨባ ቢይዝ ነው። ከፓወርፖይንት 2010 ወዲህ ቪዲዮ በራሱ ይከተታል። ሆኖም ሲያስገቡ «ሊንክ ቱ ፋይል» የሚለውን የመረጡ ሰዎች ዛሬም ሊንክ ነው የያዙት። ከኤክሴል በሊንክ ተለጥፎ የመጣ ግራፍና ሌላ ፋይል የሚከፍት ቁልፍም እስካሁን ከዚህ ችግር አልወጡም።

ሊንኩ የሚይዘው አድራሻ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ሙሉ አድራሻ ከድራይቩ ፊደል ይጀምራል፤ ሲ፣ ከዚያ ዶክመንትስ፣ ከዚያ ሠርግ፣ ከዚያ ቪዲዮው። አንጻራዊው ግን ከስላይዱ ይነሳል፤ አንድ ባለሱቅ የዕቃውን መጋዘን ለተሸካሚ ሲያሳይ «ከሱቄ ቀጥሎ ያለው በር» እንደሚለው ነው። ሱቁና መጋዘኑ አብረው ከተዛወሩ ምልክቱ እዚያም ይሠራል። ሙሉው አድራሻ ግን በሰው ኮምፒውተር ላይ ዋጋ የለውም። የሲዲ ማጫወቻው በአንዱ ማሽን «ዲ»፣ በሌላው «ኢ» ወይም «ኤፍ» ሊባል ስለሚችል፣ ፋይሉ ሲዲው ላይ ቢኖር እንኳ ስላይዱ አያገኘውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ከመሥራት በፊት ነው። አንድ ፎልደር ይከፈታል፤ ስላይዱ እዚያ ሴቭ ይደረጋል፤ ቪዲዮው፣ ዘፈኑና የኤክሴል ፋይሉ እዚያው ይገለበጣሉ። ወደ ስላይዱ የሚገቡት ከዚያ በኋላ፣ ከዚያው ፎልደር ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለትም ቪዲዮው ከዴስክቶፕ ገብቶ ኋላ ፎልደሩ ውስጥ ቢገለበጥ፣ ሊንኩ የሚያየው አሁንም ዴስክቶፑን ነው።

በቪሲዲ ዘመን ደግሞ የባሰ ነበር። ቪሲዲ ሲከፈት «ኤምፔግኤቪ» የሚባል ፎልደር ይወጣል፤ ፊልሙ ያለው በውስጡ «ዳት» የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል ሆኖ ነው። የሠርጉን ቪሲዲ ማጫወቻው ውስጥ ከትቶ ፊልሙን በቀጥታ ከዚያ ወደ ስላይዱ ያስገባ ሰው፣ ቪሲዲው ከማጫወቻው እስኪወጣ ድረስ ሁሉም ሰላም ይመስለዋል። ስላይዱን በሌላ ሲዲ ሲያስጽፍ ማጫወቻው ባዶ ሲዲ መቀበል አለበት፤ የሠርጉ ቪሲዲ ይወጣል፣ ሊንኩም ያኔውኑ ይሞታል። ፊልሙን አስቀድሞ ወደ ፎልደሩ መገልበጥ ይበቃ ነበር።

ችግሩ መኖሩን ሳይጻፍ በፊት ማወቅ ከባድ አይደለም። ፈጣኑ ምርመራ የፋይሉን ክብደት ማየት ነው። ቪዲዮው 80 ሜጋባይት ሆኖ ስላይዱ 2 ሜጋባይት ከሆነ፣ ቪዲዮው ውስጥ የለም። ከፓወርፖይንት 2007 ወዲህ በመጣው የስላይድ ፋይል ደግሞ ጠለቅ ብሎ ማየት ይቻላል፤ ፋይሉ በውስጡ ዚፕ ነው። አንድ ቅጂ ወስዶ ቅጥያውን ወደ ዚፕ መቀየርና መክፈት ነው፤ «ሚዲያ» የሚለው ፎልደር ውስጥ የተከተተው ሥዕል፣ ድምፅና ቪዲዮ ሁሉ ተደርድሮ ይታያል። እዚያ ያልታየ ቪዲዮ ውጭ ነው ያለው።

መጠገኛው «ፋይል»፣ ከዚያ «ኢንፎ» ውስጥ በቀኝ ግርጌ የሚወጣው «ኤዲት ሊንክስ ቱ ፋይልስ» ነው። ውጭ ያሉት ፋይሎች ከነአድራሻቸው በዝርዝር ይመጣሉ። የተዛወረውን «ቼንጅ ሶርስ» ብሎ አዲሱን ቦታ ማሳየት ይቻላል። «ብሬክ ሊንክ» የሚለው ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በፓወርፖይንት 2010 እና ከዚያ በኋላ በመጡት ላይ ቪዲዮን ስላይዱ ውስጥ ይከተዋል፤ ለኤክሴል ግራፍ ሲሆን ከምንጩ ይቆርጠዋል፤ ከዚያ ወዲህ ኤክሴሉ ቢታረም ግራፉ አይከተልም። ይህ ሁሉ የሚሠራው ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የተጻፈ ሲዲ ላይ ማረም አይቻልምና መልሶ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ፣ ማስተካከልና በአዲስ ሲዲ ማስጻፍ ግድ ይላል።

አንዳንዴ ሊንኩ ትክክል ሆኖ የሚያበላሸው የሲዲው አጻጻፍ ነው። ሲዲ የሚከተለው የቀድሞው የፋይል ሥርዓት፣ አይሶ 9660፣ በጥብቅ ደረጃው ለስም ከላቲን ስምንት ፊደል፣ ለቅጥያ ሦስት ብቻ ይፈቅድ ነበር። ማይክሮሶፍት ያመጣው ጆሊየት እስከ 64 ፊደል ፈቀደ፤ የግዕዝ ፊደልንም ተቀበለ። የመመረቂያ ጽሑፉን ርእስ እንዳለ ለፋይሉ ስም ያደረገ ተማሪ ግን ይህንንም ያልፈዋል። ስሙ ሲጻፍ ከተቆረጠ ስላይዱ የሚጠራው ፋይል የለም ማለት ነው። ፎልደር ውስጥ ፎልደር ሲደረደርም እንዲሁ ነው፤ የቆዩት ፓወርፖይንቶች ከ128 ፊደል ያለፈ አድራሻ አይወዱም። «#» የሚል ምልክት ያለበት ስምም ሌላ ፋይል የሚከፍተውን ቁልፍ ያሳስተዋል። እንደ «ቪዲዮ1» ያለ አጭር ስም ከዚህ ሁሉ ይገላግላል።

ዊንዶውስ ራሱ ሲዲ ሲጽፍ የሚያቀርበው ምርጫም አለ። «እንደ ፍላሽ» የሚለው አሠራር ሲዲውን ሳይዘጋ ክፍት ሊተወው ይችላል፤ የቆየ ኮምፒውተር እንዲህ ያለውን ሲዲ ባዶ ነው ሊል ይችላል። ለሌላ ሰው የሚሰጥ ሲዲ ከሆነ «ለሲዲ ማጫወቻ» የሚለው ይሻላል።

ከሊንክ ጋር የሚምታታ ሌላ በሽታም አለ። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የቆየ ፎንት የተጻፈ ስላይድ፣ ፎንቱ ያልተጫነበት ማሽን ላይ ሲከፈት አማርኛው የላቲን ፊደልና ምልክት ቅልቅል ይሆናል። ይህን ሊንክ ማስተካከል አያድነውም። መፍትሔው ሲጀመር በዩኒኮድ መጻፍ ነው፤ ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጥቷል።

ይህን ሁሉ ባንድ ላይ እንዲሠራ የታሰበው መሣሪያ ፓወርፖይንት ውስጥ ራሱ አለ። ድሮ «ፓክ ኤንድ ጎ» ይባል ነበር፤ ከፓወርፖይንት 2003 ወዲህ «ፓኬጅ ፎር ሲዲ» ሆነ። ዛሬ «ፋይል»፣ «ኤክስፖርት» ውስጥ ይገኛል። በሊንክ የተያያዙትን ፋይሎች ሰብስቦ ከስላይዱ ጋር አንድ ፎልደር ያደርጋል፤ በምርጫው ላይ ከተፈቀደለት የሚከተት ፎንትንም ይጨምራል። ልምድ ያለው ሰው በቀጥታ ወደ ሲዲ አያስጽፈውም፤ «ኮፒ ቱ ፎልደር» ብሎ ፎልደሩን ያወጣና ወደ ሌላ ኮምፒውተር ወስዶ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይነካል። የተሠራበት ማሽን ላይ መሞከር ፋይዳ የለውም፤ ዋናው ቪዲዮ እዚያው ስላለ ሁልጊዜ ይሠራል።

ሲዲ የተወደደው ያለ ምክንያት አልነበረም። ፍላሽ ከማሽን ማሽን ሲዞር ፎልደርን ሾርትከት የሚያደርግ ቫይረስ ይለቅማል፤ ተጽፎ የተዘጋ ሲዲ ግን አይነካም። 700 ሜጋባይቱም ለስላይድ ከበቂ በላይ ነበር። ዛሬ አብዛኛው አዲስ ላፕቶፕ የሲዲ ማጫወቻ የለውም፤ ስላይዱም በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ይሄዳል። የሊንኩ ጣጣ ግን አብሮ ተሻግሯል፤ ስላይዱ ብቻውን በቴሌግራም ከተላከ በሊንክ የተያያዘው ቪዲዮ ላኪው ጋር ይቀራል። ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋባይት ያለ ፋይል ስለሚቀበል፣ ፓኬጅ የተደረገውን ፎልደር ዚፕ አድርጎ መላክ ወይም ቪዲዮውን በ«ብሬክ ሊንክ» ከትቶ አንዱን ፋይል መላክ ይቻላል። ዚፑ የደረሰው ሰውም ስላይዱን ዚፑ ውስጥ እንዳለ መክፈት የለበትም፤ መጀመሪያ «ኤክስትራክት ኦል» ብሎ ፎልደሩን ማውጣት አለበት፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ ስላይዱን ለብቻው ወደ ጊዜያዊ ቦታ ያወጣውና ቪዲዮው እንደገና አይገኝም።