አንድ አምስተኛውን ማሳረፍ

የባሕር ሀብት ተመናመነ ሲባል መንግሥታት ቶሎ የሚደርሱበት መፍትሔ ክልከላ ነው፤ ይህን ያህል ኪሎ፣ ይህን ያህል ጀልባ፣ ከዚህ ወዲያ የለም። በወረቀት ላይ ስሕተት አይወጣለትም። ነገር ግን የማታውን እራት ጠዋት ከባሕር የሚያወጣ ሰው፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ይበዛል ለሚባል ዓሣ ብሎ ልጆቹን ጦም አያሳድርም። ስለዚህ ለትንንሽ አጥማጆች የሚነደፍ ስልት ሁሉ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ጥቅሙ እስኪደርስ ሰዎቹ ምን ይበላሉ የሚለው ነው። በደቡብ ምዕራብ ማዳጋስካር የሚኖሩት ቬዞዎች መልስ አግኝተውለታል።

እዚያ ውሃው ሲሸሽ ሴቶች በእግራቸው ኮራል ሪፉ ላይ ወጥተው ኦክቶፐስን ከተደበቀበት ጉድጓድ በጦር ያወጣሉ፤ ከያዙት ብዙው ወደ አውሮፓ ይላካል። እ.ኤ.አ. በ2004 የአንዳቫዱዋካ ሰዎች ብሉ ቬንቸርስ ከተባለ ድርጅት ጋር ተስማምተው አንድ የማጥመጃ ሥፍራቸውን ለሰባት ወር ያህል ዘጉ። የመረጡት እንስሳ ዕድሜው አጭር፣ ዕድገቱ ፈጣን ነውና ትዕግሥታቸው በወራት ውስጥ ተከፈላቸው። ሌሎች መንደሮችም ተከተሉ። በ2015 የታተመ ጥናት በ450 ኪሎ ሜትር የባሕር ዳርቻ፣ በስምንት ዓመት ውስጥ የተካሄዱ 36 መዝጊያዎችን መርምሯል። ሥፍራው በተከፈተ በ30 ቀን ውስጥ የተያዘው ኦክቶፐስ ከመዘጋቱ በፊት ከነበሩት 30 ቀናት በ718 በመቶ በልጧል። ብዙዎች የሚጠቅሱት ይህን ቁጥር ነው፤ እኔ ግን አላምነውም ባልልም አልመካበትም። አንድ አጥማጅ በድካሙ ልክ ያገኘው የጨመረው በ87 በመቶ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው በመክፈቻው የጎረፈው ሰው ብዛት ነው። ከሁለቱም የሚበልጠው ግኝት ሌላ ነው፤ በተዘጋበት ጊዜ የመንደሮቹ የኦክቶፐስ ገቢ ጉልህ መቀነስ አላሳየም። ምክንያቱም የሚዘጋው ከመንደሩ ሥፍራ በአማካይ አንድ አምስተኛው ብቻ ነበር። ገበሬ ማሳውን በከፊል እንደሚያሳርፍ ማለት ነው።

ኦክቶፐስ ቶሎ ስለሚያድግ እንጂ ለሌላው ዓሣ አይሠራም የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ለመብሰል ዓመታት የሚፈጅ ዓሣ በሰባት ወር ዕረፍት አያገግምም። ሆኖም ቬዞዎች እዚያ አላቆሙም። በ2006 ከ20 በላይ መንደሮች ቬሎንድሪያኬ የተባለ የጋራ አስተዳደር መሠረቱ፤ ቆየት ብለውም ጭራሽ የማይጠመድባቸው ሥፍራዎች ከለሉ። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ቢጠየቁ ኖሮ የሚቀበሉ አይመስለኝም። የመክፈቻው ቀን ግርግርስ? ያ ከበድ ያለ ነቀፋ ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው ሳይታገሥ አጭዶ ከሄደ የታገሠው ተሞኘ። ለዚህ ዲና የሚባለው፣ የሀገሪቱም ሕግ የሚያውቀው የማኅበረሰብ ደንብ አለ፤ ማን መቼ እንደሚገባ ይወስናል፤ ጥሶ የተገኘ ይቀጣል። ደንቡ የሚጠብቀው ግን ከጎረቤት ነው። መረብ ጎታች መርከብ ቢመጣ የመንደር ሽማግሌ አያስቆመውም፤ ያን የሚያደርገው የጥበቃ ጀልባና የፈቃድ መዝገብ ያለው መንግሥት ነው። መንደሩ የራሱን አንድ አምስተኛ ሲዘጋ መንግሥትም ከባሕሩ ዳርቻ ፊት ለፊት ያለውን ውሃ ለትልልቅ መርከቦች መዝጋት ይኖርበታል፤ የሚዘጋበትን ወር ሲወስኑም ሪፉን በእግራቸው የሚያውቁት ሴቶች በስብሰባው ድምፅ ይኑራቸው።